በአዳም ውድቀት ላይ የተነሣው ክርክር

ሰው መልካሙን ሥራ እያወቀና እየወደደ ክፉውን የሚሠራበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ጠቢባን ሲመረምሩት የኖሩት ነገር ነው። ጾሞ የጾሙን ዋጋ በቍጣ ያጠፋ፥ ምሎ መሐላውን በማግስቱ ያፈረሰ፥ ንስሓ ገብቶም ወደ ቀደመ ነገሩ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በልቡ ጠይቆታል። ጥያቄውም ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው ይህ ድካም ከወዴት መጣ ማለት ነው፤ ሁለተኛውም የወደቀ ሰው በገዛ ኃይሉ ሊነሣ ይችላልን ማለት ነው። ለነዚህ ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ ክርስቲያን ስለ ሰው ባሕርይ፥ ስለ ኃጢአትና ስለ መዳን የሚያምነውን ሁሉ ይወስናል።

ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እጅግ ተገልጦ የተመረመረው በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ጲላግዮስና አውግስጢኖስ በተባሉ በሁለት ሰዎች መካከል በተነሣው ክርክር ነው። ሁለቱም ምናኔን የሚወዱ፥ ሁለቱም ክርስቲያን ሁሉ በቅድስና እንዲኖር የሚደክሙ ነበሩ። የተለያዩትም ሰው ወደ ቅድስና የሚደርሰው በማን ኃይል ነው በሚለው ነገር ነው። ክርክራቸው በሮም ተፀንሶ፥ በአፍሪቃ ተወልዶ፥ በኢየሩሳሌም አገር ተመርምሮ፥ በኤፌሶን ጉባኤ ፊትም ደረሰ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጲላግዮስ የትውልድ አገሩ ብሪታንያ ነው። ክህነት ሳይቀበል በምናኔ የሚኖር ምእመን ሆኖ በ4ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በሮም ከተማ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ የሮም ነገሥታት ክርስቲያኖች ከሆኑ ብዙ ዘመን አልፎ ነበርና፥ ቀድሞ ለመከራ ያበቃ የነበረው ክርስትና ለሹመትና ለክብር የሚያበቃ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከመኳንንቱና ከባለጠጎቹ ብዙዎች ስማቸው ክርስቲያን ሆኖ ኑሮአቸው እንደ አረማዊ ነበረ። በተገሠጹም ጊዜ ትእዛዙ ከባድ ነው፥ ሥጋ ደካማ ነው እያሉ ያመካኙ ነበር። ጲላግዮስን ያስቈጣው ይህ ምክንያት ነው። እግዚአብሔር የማይቻለውን ነገር አዝዞ፥ ያልፈጸመውን ሰው የሚቀጣ ከሆነ ፍርዱ ቅን አይሆንም፤ እንግዲህ ያዘዘው ሁሉ የሚቻል ነው ብሎ አስተማረ። የጳውሎስንም መልእክቶች ተረጐመ፤ በሮም ታላላቅ ቤቶች ምክሩን የሚሰሙ፥ ስለ ንጹሕ ኑሮውም የሚያከብሩት ብዙዎች ነበሩ።

ትምህርቱን ሲያስረዳ ነገሩን በሦስት ከፈለው፤ ይኸውም መቻል፥ መፍቀድና ማድረግ ነው። መቻልን እግዚአብሔር በተፈጥሮ ለሰው ሰጥቶታል፤ መፍቀድና ማድረግ ግን የሰው ፈንታ ነው። ዓይን ማየት መቻሉ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ በዓይን መልካም ወይም ክፉ አስተያየት ማየት ግን የባለ ዓይኑ ሥራ ነው እያለ ያመሳስል ነበር። የአዳምም ኃጢአት ለልጆቹ የክፉ ምሳሌ ሆነ እንጂ ባሕርያቸውን አላቈሰለም፤ ኃጢአት በሰው ላይ የሚበረታበት ከብዙ ዘመን ልማድ የተነሣ ነው አለ። ጸጋ ሲል ነፃ ፈቃድን፥ ሕግን፥ የክርስቶስን ትምህርትና ምሳሌነት፥ በጥምቀትም የሚገኘውን ሥርየት ማለቱ ነበር።

በዚህ ትምህርት ሰው እጅግ የከበረ ይመስላል። ሰነፍን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ፥ አመካኝን ለማሳፈር ይረዳል። ነገር ግን ሰው ሁልጊዜ የሚቻለው ከሆነ፥ ሳይሆንለት የቀረ ሁሉ ያልፈለገ ብቻ ነው ማለት ነው። እየወደደ ለወደቀ፥ እያለቀሰ ለተመለሰ ሰው የሚሆን ቃል በውስጡ አይገኝም።

አውግስጢኖስ ግን እየወደዱ መውደቅን በራሱ ሕይወት ያወቀ ሰው ነበረ። በ354 ዓ.ም. ታጋስጤ በምትባል የሰሜን አፍሪቃ ከተማ ተወለደ፤ ከተማይቱ ዛሬ በአልጀሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ ትባላለች። አባቱ ጳጥሪክዮስ ክርስትና የተነሣው ሞቱ በቀረበ ጊዜ ነው፤ እናቱ ሞኒካ ግን አስቀድማ ክርስቲያን ነበረች፤ ስለ ልጅዋም ብዙ ዘመን በእንባ ጸለየች። አውግስጢኖስ በካርታጎ ለትምህርት ተቀምጦ ሳለ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ ኖሮ አዴዎዳቱስ የሚባል ልጅ ወለደ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም የማኒን ትምህርት ተከተለ። የማኒ ወገኖች ክፉን የሚሠራው ከብርሃን ጋር የሚዋጋ የጨለማ ባሕርይ ነው ይሉ ነበርና፥ ኃጢአት የሠራ ሰው ጥፋቱን ከራሱ አውርዶ በዚያ ባሕርይ ላይ ለመጫን ይመቸው ነበር።

በ384 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በዚያም የኤጲስ ቆጶሱን የአምብሮስዮስን ስብከት ሰማ። የማኒን ትምህርት ተወ፤ የክርስትናም እውነት ለአእምሮው ተገለጠለት። ፈቃዱ ግን አልታዘዝ አለው። ንጽሕናን ከእግዚአብሔር እየለመነ ቶሎ እንዳይሰጠው ይፈራ እንደ ነበር ኋላ ራሱ ተናዟል። በ386 ዓ.ም. በአንድ የአትክልት ቦታ ሆኖ ስለዚህ ነገር ሲያለቅስ ሳለ መጽሐፍ አንሥቶ እንዲያነብ የሚያዝዘው የሚመስል የሕፃን ድምፅ ሰማ፤ የጳውሎስንም መልእክት ገልጦ ባነበበ ጊዜ ልቡ ዐረፈ። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁ ጋር ከአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። እናቱም ስትለምነው የኖረችውን አይታ በዚያው ዓመት ኦስቲያ በምትባል ወደብ ዐረፈች። እርሱም ወደ አገሩ ተመልሶ በ391 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ፤ ጥቂት ዓመታትም ቈይቶ ዛሬ አናባ በምትባለው በሂጶ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ።

በኤጲስ ቆጶስነቱ መጀመሪያ ኑዛዜ የሚባለውን መጽሐፉን ጻፈ። በዚህም መጽሐፍ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሆነው ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ከሰው ዛፍ ላይ ፍሬ እንደ ሰረቀ ይናገራል። ረኃብ አላስገደዳቸውም፤ እርሱም ከዚያ የሚሻል ፍሬ ነበረው፤ የሰረቁትንም አብዛኛውን ለእሪያዎች ጣሉት። ይህን ትንሽ ነገር በብዙ ገጽ የመረመረበት ምክንያት ጥቅም የሌለበትን ክፉ ሥራ ክፉ በመሆኑ ብቻ እንደ ወደደው ስላስደነገጠው ነው። በዚሁ መጽሐፍ በ10ኛው ክፍልም ስለ ልጅነቱ ሳይሆን ስለ ኤጲስ ቆጶስነቱ ዘመን ይናዘዛል። የቀድሞው ነገር በሕልም እንደሚመጣበት፥ መብል ከመጠን አልፎ እንደሚስበው፥ የሰውም ምስጋና ደስ እንደሚያሰኘው ሳይሸሽግ ጻፈ። ጥምቀት ኃጢአቱን ሁሉ አስተስርያለታለች፤ ድካሙ ግን ገና በመታከም ላይ ነበረ። ስለዚህ እግዚአብሔር ያዘዘውን ትእዛዝ የሚፈጽምበትን ኃይል ራሱ እግዚአብሔር እንዲሰጠው ለመነ።

ከአውግስጢኖስ ባልንጀሮች አንዱ ኤጲስ ቆጶስ ይህን ጸሎት በሮም በጲላግዮስ ፊት ባነሣው ጊዜ ጲላግዮስ ሊታገሠው አልቻለም፤ ከተናጋሪውም ጋር ሊጣላ ጥቂት ቀረው። ክርክሩ የተፀነሰው በዚህች ጸሎት ላይ ነው። አንደኛው ትእዛዝን ሲሰማ የሰው ኃይል እንደሚበቃ ያስብ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ትእዛዝን ሲሰማ ለመለመን ይንበረከክ ነበር።

በነሐሴ ወር በ410 ዓ.ም. የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ሮምን ያዛት፥ ዘረፋትም። ብዙ የሮም ሰዎች ባሕር ተሻግረው ወደ አፍሪቃ ሸሹ፤ ከነዚህም መካከል ጲላግዮስና ደቀ መዝሙሩ ኬለስጥዮስ ነበሩ። አውግስጢኖስ በዚያን ወራት በካርታጎ ስለ ዶናጥያውያን መለየት በተደረገው ጉባኤ ተይዞ ነበርና የጲላግዮስን ፊት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ አየው። ጲላግዮስም ብዙ ሳይቈይ ወደ ኢየሩሳሌም አገር አለፈ። ኬለስጥዮስ ግን በካርታጎ ቀርቶ ቅስና እንዲሰጠው ለመነ። በዚያ ጊዜ ከሚላኖ የመጣ ጳውሊኖስ የሚባል ዲያቆን ከሰሰው። ክሱም፥ አዳም ቢበድልም ባይበድልም የሚሞት ሆኖ ተፈጠረ፤ ኃጢአቱም እርሱን ብቻ ጐዳ እንጂ የሰውን ዘር አልጐዳም፤ ዛሬ የሚወለዱ ሕፃናትም አዳም ከመበደሉ በፊት እንደ ነበረው ናቸው ብሎ ያስተምራል የሚል ነበር። ኬለስጥዮስ ይህ ገና በሊቃውንት መካከል የሚጠየቅ ነገር ነው፥ የሃይማኖት ክሕደት አይባልም ብሎ መለሰ፤ ሕፃናት መጠመቅ እንደሚገባቸውም አልካደም። ጉባኤው ግን አወገዘው።

ነገሩ ከመምህራን አልፎ ወደ ምእመናን ሁሉ የደረሰው በዚህች በሕፃናት ጥምቀት ምክንያት ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጡ ነበር፤ ካህናቱም በሕፃናቱ ላይ ጸሎተ ማባረር ይጸልዩ፥ ስለ እነርሱም ሰይጣንን ያስክዱ ነበር። አውግስጢኖስም ይህን ልማድ ምስክር አድርጎ ያዘ። ሕፃን በገዛ ሥራው የበደለው ነገር እንደሌለ ማንም ያውቃል፤ ታዲያ በባሕርዩ የሚፈወስ ቍስል ከሌለው ቤተ ክርስቲያን የኃጢአት ማስተስረያ የሆነችውን ጥምቀት ለምን ትሰጠዋለች ብሎ ጠየቀ። በኢትዮጵያ ሊቃውንት ቋንቋ ጥንተ አብሶ የሚባለው ነገር በምዕራብ አገር እንዲህ ተመረመረ።

በ413 ዓ.ም. ደግሞ ከሮም ወደ ካርታጎ ከተሰደዱት ታላላቅ ቤተ ሰቦች የአንዱ ልጅ የሆነች ዴሜጥርያስ የምትባል ብላቴና ጋብቻን ትታ ለድንግልና ተሳለች። ጲላግዮስም ረጅም የምክር ደብዳቤ ጻፈላት። ሰውን ለማስተማር ስጀምር አስቀድሜ የባሕርዩን ኃይል አሳየዋለሁ፤ መቻሉን ያላወቀ ሰው አይጀምርምና የሚል አሳብ ነበረበት። ባለጠግነትና የዘር ክብር ከወላጆችዋ እንደ ተገኙ፥ የመንፈስን ባለጠግነት ግን ከራስዋ በቀር ማንም ሊሰጣት እንደማይችልም ነገራት። ይህ ቃል ለጆሮ የሚጣፍጥ ነው። አውግስጢኖስ ግን በኋላ ከባልንጀራው ጋር ሆኖ ለብላቴናይቱ እናት ጻፈ። ልጅቱ ቅድስናዋን ከራስዋ እንዳገኘችው ብታምን በትዕቢት ትጠፋለች፤ የተቀበለችው ስጦታ መሆኑን ብታውቅ ግን ታመሰግናለች፥ ባመሰገነችም መጠን ትጠበቃለች ሲል አስጠነቀቀ። በዚህ ነገር ክርክሩ የመጽሐፍ ጠብ ብቻ እንዳልነበረ ይታያል፤ አንዲት ብላቴና በማለዳ ተነሥታ ስትጸልይ ልመናዋና ምስጋናዋ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወስን ነበር።

በኢየሩሳሌም አገር በቤተ ልሔም ይቀመጥ የነበረው ሄሮኒሞስ ጲላግዮስን ተቃወመው፤ ኦሮስዮስ የሚባል ወጣት ካህንም ከአውግስጢኖስ ዘንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። በታኅሣሥ ወር በ415 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ኤጲስ ቆጶሳት በልዳ ተሰብስበው ነገሩን መረመሩ። ከሳሾቹ ሁለት የጋልያ ኤጲስ ቆጶሳት ነበሩ፤ አንዱ ታመመ ተብሎ ሁለቱም ሳይቀርቡ ቀሩ። ክሱ የተጻፈው በላቲን፥ ዳኞቹ ግን የሚናገሩት በግሪክ ነበረ። ጲላግዮስ ከኬለስጥዮስ ስም የተነገረውን ነገር የእኔ አይደለም ብሎ አወገዘ፤ ሰው ያለ እግዚአብሔር ረድኤት ያለ ኃጢአት ሊሆን ይችላል አላልሁም አለ። ዳኞቹም ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር አልተለየም ብለው ፈረዱለት። ረድኤት ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ግን አልጠየቁትም። መካሪና ምሳሌ ብቻ የሆነ ረድኤት አለ፤ በልብ ውስጥ ገብቶ ፈቃድን የሚያድስ ረድኤትም አለ፤ የሁለቱም ስማቸው አንድ ነው።

የአፍሪቃ ኤጲስ ቆጶሳት ይህን በሰሙ ጊዜ በ416 ዓ.ም. በካርታጎና በሚሌዊስ ተሰበሰቡ፤ ወደ ሮም ሊቀ ጳጳሳት ወደ ኢኖኬንትዮስም ላኩ። እርሱም በ417 ዓ.ም. መጀመሪያ በጲላግዮስና በኬለስጥዮስ ላይ ፈረደ፤ ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ ሞተ። በእርሱ ፋንታ የተሾመው ዞሲሞስ ሁለቱን ሰዎች በመልካም ተቀበላቸው። አፍሪቃውያን ግን አልተዉም። በሚያዝያ 30 ቀን 418 ዓ.ም. ንጉሥ አኖሬዎስ ሁለቱ ከሮም እንዲሰደዱ ዐዋጅ አወጣ፤ በማግስቱ በግንቦት 1 ቀን በካርታጎ የተሰበሰበው ታላቅ ጉባኤ ትምህርታቸውን አወገዘ፤ ዞሲሞስም ቀድሞ ያለውን ትቶ ከጉባኤው ጋር ተስማማ። ጲላግዮስ ከዚህ በኋላ ስሙ ከታሪክ ይጠፋል።

ሆኖም ነገሩ አላበቃም። በኢጣልያ ዐሥራ ስምንት ኤጲስ ቆጶሳት በውግዘቱ ላይ አንፈርምም አሉ። አለቃቸው የኤክላኑም ኤጲስ ቆጶስ ዩልያኖስ ነበረ፤ አባቱም የአውግስጢኖስ ወዳጅ ነበር። ዩልያኖስ በረኃብ ዘመን ገንዘቡን ለድኆች እንደ ሰጠ የሚነገርለት፥ በአእምሮውም የተሳለ ሰው ነው። አውግስጢኖስን ከማኒ ትምህርት አልወጣህም፤ ኃጢአት በዘር ይተላለፋል ብለህ ጋብቻን አረከስህ፤ ምንም ያልሠራ ሕፃን ይፈረድበታል ብለህም እግዚአብሔርን ዐመፀኛ ዳኛ አደረግኸው ብሎ ከሰሰው። አውግስጢኖስ ጋብቻ መልካም ነው፥ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ የቈሰለው የሥጋ ፍትወት ነው ብሎ መለሰ። ስለ ሕፃናት ግን ሳይጠመቁ የሞቱት ከቅጣት ሁሉ የቀለለ ቅጣት ያገኛቸዋል ከማለት በቀር የሚያጽናና ነገር አላገኘም። በዚህ ቦታ የዩልያኖስ ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ የምዕራብ ሊቃውንትም ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ሲያስቡበት ኖረዋል።

ሌላው ጭንቀት ከገዳም ተነሣ። በ426 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን አፍሪቃ በሐድሩሜጡም ገዳም የነበሩ መነኮሳት የአውግስጢኖስን መጽሐፍ አንብበው ተከፋፈሉ። ሁሉ በጸጋ ከሆነ አበ ምኔቱ ስለ ምን ይገሥጸናል? ጸጋ እንዲሰጠን ይጸልይልን እንጂ አሉ። አውግስጢኖስም ሁለት መጻሕፍት ጻፈላቸው። ጸጋ ነፃ ፈቃድን አያጠፋም፥ ይፈውሰዋል፤ ተግሣጽም ራሱ ጸጋ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ነው አለ። ነገር ግን እግዚአብሔር ለመዳን አስቀድሞ የመረጣቸው ቍጥራቸው የታወቀ ነው ማለቱ በጋልያ ያሉትን መነኮሳት አሳዘነ። በማርሴይ የነበረው ዮሐንስ ካስያኖስ፥ የግብጽን ገዳማት የጐበኘና የአባቶችን ትምህርት የጻፈ ሰው፥ አንዳንድ ጊዜ የሰው መልካም ፈቃድ ይቀድማል፥ እግዚአብሔርም ያንን አይቶ ያበረታዋል ሲል አስተማረ። በ529 ዓ.ም. በአርሉ ኤጲስ ቆጶስ በቄሳርዮስ አለቅነት በኦራንዥ የተሰበሰበው ጉባኤ የእምነት መጀመሪያ እንኳ ከጸጋ ነው ብሎ የአውግስጢኖስን ዋና ትምህርት አጸና፤ ሰው ለክፉ አስቀድሞ ተወስኗል የሚለውን ግን አወገዘ። እንግዲህ ምዕራባውያንም ቢሆኑ ሊቁን በሁሉ አልተከተሉትም።

በምሥራቅ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ስለ አዳምና ስለ ሞት በተናገረበት ቦታ፥ አውግስጢኖስ ያነበበው የላቲን ትርጓሜ ሰው ሁሉ በአዳም ውስጥ ሆኖ እንደ በደለ አድርጎ ለመረዳት ያመች ነበር፤ የግሪኩ ቃል ግን ሰዎች ሁሉ ስለ በደሉ የሚል ምክንያት ይሰጣል። ስለዚህ ግሪክ አንባቢ የሆኑ አባቶች ከአዳም ስለ ተወረሰ በደል ከመናገር ይልቅ ከአዳም ስለ ተወረሰ ሞትና መበስበስ መናገርን አበዙ። የእስክንድርያው አትናቴዎስ፥ ይኸውም ፍሬምናጦስን አባ ሰላማን ለአክሱም ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ የሾመው፥ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ይህን አስረድቷል። ነገሩ በደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሓ በበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ወደ መበስበስ ወድቆ የተቀበለውን ጸጋ ስላጣ፥ መጀመሪያ የፈጠረው ቃል ራሱ መጥቶ ሊያድሰው አስፈለገ አለ። በሰሌዳ ላይ የተሣለ የሰው መልክ ቢጠፋ ሰሌዳው አይጣልም፤ ባለ መልኩ ተመልሶ ይቀመጣል፥ በዚያው ሰሌዳም ላይ ይሣላል፤ እንዲሁ በአርአያው የተፈጠረውን ሰው ለማደስ አርአያው ራሱ መጣ የሚል ምሳሌም ሰጠ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ቄርሎስም አዳም በበደለ ጊዜ እኛ ገና አልተወለድንም፥ ስለ ምን ይፈረድብናል የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፥ የሰው ባሕርይ በአንዱ አለመታዘዝ እንደ ታመመ፥ ሥሩ የተጐዳ ተክል ቅርንጫፎቹም እንደሚደርቁ አድርጎ መለሰ። እንግዲህ አንደኛው ወገን እንደ ዳኛ፥ ሁለተኛው ወገን እንደ ባለ መድኃኒት ተናገረ። ሰው ራሱን ሊያድን አይችልም በሚለው ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

ይህም አንድነት በኤፌሶን ታየ። ከኢጣልያ የተሰደዱት ዩልያኖስና ባልንጀሮቹ ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደው ነበር፤ ንስጥሮስም ነገራቸውን ለመስማት ፈቀደ። በ431 ዓ.ም. በሰኔ ወር በቄርሎስ አለቅነት የተሰበሰበው ጉባኤ ንስጥሮስን ሲያወግዝ፥ ከእርሱ ጋር ወይም ከኬለስጥዮስ ጋር የተስማሙ ካህናት ሁሉ ከክህነታቸው እንዲሻሩ በቀኖናው ወሰነ። ሁለቱ ክሕደቶች በአንድ ጉባኤ መገናኘታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ካስያኖስ፥ ምንም በጸጋ ነገር ከአውግስጢኖስ ጋር ባይስማማ፥ በንስጥሮስ ላይ በጻፈው መጽሐፍ የሁለቱን ዝምድና ገልጧል፤ ሰው በገዛ ኃይሉ ጻድቅ ሊሆን ከቻለ የሚያስፈልገው መምህር እንጂ አምላክ የሆነ መድኃኒት አይደለምና። የኤፌሶንም ነገር በኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ የቄርሎስን ድርሳናትና በጉባኤው ዙሪያ የተነገሩትን ስብከቶች የያዘው መጽሐፈ ቄርሎስ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሱት ከቀደሙት መጻሕፍት አንዱ ነው።

ንጉሡ ቴዎዶስዮስ ወደ ጉባኤው ከጠራቸው ሰዎች አንዱ አውግስጢኖስ ነበረ። ነገር ግን መልእክተኛው ካርታጎ በደረሰ ጊዜ መሞቱን ሰማ። በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂጶን ከበው ሳሉ ሊቁ በትኵሳት ታሞ ተኛ፤ ዕድሜው ሰባ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዩልያኖስ ላይ ይጽፈው የነበረው መጨረሻው መጽሐፍ ሳይፈጸም ቀረ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ደቀ መዝሙሩ እንደሚናገረው፥ አውግስጢኖስ የዳዊትን የንስሓ መዝሙራት አስጽፎ በአልጋው ትይዩ በግድግዳ ላይ እንዲለጠፉ አደረገ፤ ከሐኪምና ምግብ ከሚያመጣለት ሰው በቀር ማንም እንዳይገባበት ለምኖ እነርሱን እያነበበ ያለ ማቋረጥ ያለቅስ ነበር። ነሐሴ 28 ቀን ዐረፈ። ከተጠመቀ አርባ ሦስት ዓመት የሆነው፥ ስለ ጸጋ ከሌላው ሁሉ አብልጦ የጻፈ ኤጲስ ቆጶስ፥ ንስሓ ከማያስፈልገው ደረጃ ደረስሁ አላለም።

የክርክሩ ፍሬም በዚህ ይታያል። ጲላግዮስ ሰውን በሙሉ ጤና እንዳለ ሰው ቈጥሮ ተነሥተህ ሂድ ይለዋል፤ ጤነኛ ለሆነ ሰነፍ ይህ ጥሩ ምክር ነው። አባቶች ግን ወንበዴዎች አቍስለው በመንገድ ስለ ጣሉት ሰውና ስለ ደጉ ሳምራዊ የተነገረውን ምሳሌ ሲተረጕሙ፥ ቍስለኛው አዳም ከነልጆቹ ነው፥ የእንግዶች ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን ናት ብለዋል። አውግስጢኖስም ይህን ትርጓሜ ይዞ፥ ዘይትና ወይን በቍስሉ ላይ መፍሰሱ በአንድ ጊዜ ተፈጸመ፥ በማደሪያው ተቀምጦ መታከም ግን ቀን ይፈጃል ብሎ አስተማረ። ጥምቀት ልጅነትን ትመልሳለች፤ የተመለሰው ልጅ ግን እስኪጠነክር ድረስ ጾም፥ ጸሎት፥ ንስሓና ሥጋ ወደሙ መድኃኒቱ ናቸው። ቍስለኛው የሚታዘዘው መድኃኒቱን ለመቀበል ነው እንጂ ሐኪሙን ለመተካት አይደለም።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ ይህም አዳም በ40 ቀን ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ከሚናገረው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር የተያያዘ ነው። ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት ስለ ሕፃኑ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፥ ወደ ምሥራቅም ዞረው ሃይማኖትን ይመሰክራሉ። ሕፃኑ በዚያን ሰዓት የሚያደርገው ነገር የለም፤ ያለቅሳል፥ ወይም ይተኛል። የተዘጋችው ገነት ግን ትከፈትለታለች። ያው ሕፃን አድጎ ምሎ መሐላውን ያፈረሰ ዕለት፥ ጾሞ የጾሙን ዋጋ በቍጣ ያጠፋ ዕለት፥ ካህኑ ሊያስታውሰው የሚገባው ይህን ነው፤ መጀመሪያ የተነሣው በገዛ ክንዱ አልነበረምና፥ ዛሬም ወድቆ የሚያነሣው አላጣም።